ማመልከቻ በግራ እጅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ነው ቁጣ የቀመስኩት። ዊንጌት፣ ታክሲ ከሚጫንበት ፊት ለፊት ያለው የሐጂ ነስሩ ሱቅ በር ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጥበታል፣ መሐል ላይ ፎቶ ኮፒ ይነሳበታል፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻና ውል ይጻፍባቸዋል። እኔ የተቀጠርኩት ለጓዳው ነው። እታገኝ እባላለሁ። በታይፕራይተር ተምሬ የተመረቅኩበትን ሰርተፊኬት እንዳይጨማደድ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር።

ሐጂ ሰርተፊኬቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «በስንት ጣት ትጽፊያለሽ?» አሉኝ።

«በአሥሩም።»

«ማሻአላህ! እንግዲያው አሥሩንም ይዘሽ ግቢ» አሉና መጋረጃውን ገለጡልኝ።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ የቤት ኪራይ ውል የሚያጽፍ ሰውዬ ነበር። እኔ የለመድኩት ታይፕራይተር ነው፤ መስመር ባለቀ ቁጥር ወደ ታች መውረድ አለብኝ ብዬ ኢንተሯን እየመታሁ ገጹን ሞላሁት። ደስ ብሎኝ ሳበቃ ሰውዬው «የአያቴን ስም ረስተሻል» አለኝ። አንዲት ስም መጀመሪያው መስመር ላይ ባስገባ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያለው ሁሉ ተዘበራረቀ። ግማሽ መስመር ሞልቶ፣ ግማሽ መስመር ባዶ፤ በስመአብ!

አጠገቤ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰለሞን የሚባል ቀጭን ልጅ ይሠራ ነበር። ሳቁን አፍኖ ጎንበስ አለና «ማሽኑ ራሱ ይወርድልሻል እኮ፣ አትግፊው» አለኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «አሥር ጣት ያልሽኝ ለማበላሸት ኖሯል?» አሉ። አፈር ልሁን አልኩ። እንዲያም ሆኖ ነገ ተመለሽ አሉኝ፣ ተመለስኩ፣ እነሆ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ሥራችንን ለማያውቅ ልንገረው። ሰው ለወረዳ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለመብራት ኃይል፣ ለልጁ ትምህርት ቤት የሚያስገባውን ደብዳቤ እኛ ዘንድ ያጽፋል። ከጎናችን ዱካ ላይ ይቀመጥና ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን። ከሸጎሌ የሚመጡት የከብት ነጋዴዎች ደግሞ የሽያጭ ውል ያጽፋሉ። መልኩ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ፣ ቀንዱ የተንጋደደ። በሬውን ሳላየው የማውቀው እስኪመስለኝ ድረስ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አማርኛ በኪቦርድ ሲጻፍ አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ፣ አንዳንዴም ሦስት ይመታል። «ማመልከቻ» ብሎ ለመጻፍ ጣት ስንት ጊዜ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አስቡት። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» የምትለዋን ዓረፍተ ነገርማ ባልጻፍኩበት ቀን ታምሜያለሁ ማለት ነው። የሌላውን ሥራ ሁሉ በማውስ ነበር የምሠራው። ማስቀመጥ በማውስ፣ ማተም በማውስ፣ ርዕስ ወደ መሐል ማምጣት በማውስ። ቀኝ እጄ ከማውስ ወደ ኪቦርድ፣ ከኪቦርድ ወደ ማውስ እንደ ታክሲ ረዳት ሲንከራተት ይውላል።

እንዲህ ሆኜ ዓመታት ሠራሁ። ፈጣን ነኝ ተባለልኝ። እኔም ማን እንደ እኔ አልኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ብርጭቆው ከእጄ ላይ ዝም ብሎ ወደቀ። አልደነገጥኩም፣ ተሰበረ በቃ። በሳምንቱ ግን የሱቁን ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። አውራ ጣቴና ሁለቱ ጣቶቼ ድንዝዝ ይላሉ፣ ማውሱን ስይዝ ደግሞ ከእጅ አንጓዬ ተነስቶ እስከ ክርኔ እሳት ይሄድብኛል። ልብስ ማጠብ ተውኩ። ጸጉሬን የምትሠራልኝ ጎረቤቴ ሆነች። ለማንም አልተናገርኩም፣ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ያየኝ ሐኪም ለጋ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። እጄን አገላብጦ፣ አንጓዬን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጽሕፈት።»

«በኮምፒውተር?»

«በኮምፒውተር።»

«ነርቭሽ ተጨንቋል። ለጥቂት ወራት ማረፍ አለብሽ።»

«ማን ያብላኝ ብለህ ነው ዶክተር?» አልኩት። ደነገጠ። ቆይቶ ግን አንድ ጥሩ ነገር ነገረኝ፦ «ቢያንስ ማውሱን ተይው። የሚጎዳሽ ከሁሉ በላይ እሱ ነው። የምትመቺውንም ቀንሺ።» ውስጡ ብረት ያለው ማሰሪያ አንጓዬ ላይ አሰረልኝና ሸኘኝ።

ማሰሪያ ታስሮ መደበቅ የለም። በቀጥታ ሐጂ ዘንድ ሄጄ እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ከወራቤ ገና ልጅ ሳሉ መጥተው፣ በመንገድ ላይ እስክሪብቶ ሸጠው፣ ከዚያ ነው ሱቅ የያዙት። የታመመ እጅ ያውቃሉ።

«አላህ ያሽርሽ» አሉኝ። ቀጥለው ግን «እታገኝ፣ ወንበሩ ባዶ መዋል አይችልም። የእህቴ ልጅ ጽሕፈት ተምራ ጨርሳለች፣ ከኢድ በኋላ ትመጣለች። እስከዚያ ከተሻለሽ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልተሻለሽ ግን እሷ ትቀመጥበታለች፣ ምን ላድርግ?» አሉ።

የረመዳን ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ከዚያ ኢድ። ከዚያ እኔ የለሁም። በአርባ ዓመቴ ሌላ ምን ሥራ እጀምራለሁ? ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ያን ቀን ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ቆሜ ወረቀት የምደረድር መስዬ አለቀስኩ።

ያዳነኝ የሰለሞን ስንፍና ነው። ሰለሞን የሰነፍ አለቃ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚጽፍ ሰው ነው። እንዴት ሥራው እንደሚያልቅለት ይገርመኝ ነበር እንጂ ጠይቄው አላውቅም። ያን ሰሞን ግን ጠየቅሁት።

«እታገኝዬ፣ አንቺ እኮ በር እያለ በመስኮት ነው የምትገቢው» አለኝ። «ማውሱን ምን ልትሠሪበት ነው?»

ከዚያ አንድ በአንድ አሳየኝ። በግራ እጅ ኮንትሮልን ይዘሽ ኤስን ስትነኪ ያስቀምጣል፤ ሲን ስትነኪ ይቀዳል፤ ቪን ስትነኪ የቀዳሽውን ያሰፍራል። ዜድ ያበላሸሽውን ይመልሳል። ይኼን ስሰማ በሳቅ ወደቅኩ፤ ይኼን ሁሉ ዓመት ያበላሸሁትን በእጄ ስለቅም ኖሬ! ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በነጋታው ደግሞ የሚበልጠውን አሳየኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብተሽ «ይኼን ቁልፍ ስነካ ይኼን አድርግልኝ» ብለሽ የምታዢበት ቦታ አለ አለኝ። ማተም የሚባለው ፒ ላይ ነው፣ ፒ ደግሞ በቀኝ ጥግ ነው፣ የታመመው እጄ ወገን። በግራ በኩል ወዳለ ቁልፍ አመጣሁት። ርዕስ መሐል ማድረግ፣ ከስሩ ማስመር፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ፣ ሁሉንም በግራ ጣቶቼ ዙሪያ ሰበሰብኩ። እንዳይጠፋብኝ ያዘዝኳቸውን ቁልፎች በቀይ ጥፍር ቀለም ነካ ነካ አደረግኳቸው።

ሰለሞን አይቶ «ኪቦርዱን ልትድሪው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ላንተ» አልኩት።

መጀመሪያ ላይ ጉድ አልሠራሁም አልልም። ማተሚያውን ምንም ሳይጠይቅ ወዲያው እንዲያትም አድርጌው ነበር። አንድ የሸጎሌ ነጋዴ ውል እየጻፍኩ ሳለሁ ጣቴ ቀዩ ቁልፍ ላይ አርፎ ኖሮ ማተሚያው ወረቀቱን ይተፋዋል፣ ይተፋዋል። የሻጭ ስም አለ፣ የገዢ ስም ገና አልተጻፈም። ሐጂ «ያ ረቢ፣ ወረቀቴን!» ብለው ሮጡ። ነጋዴው ግን ወረቀቱን ከመሬት እየለቀመ «አንድ በሬ ነው የሸጥኩት፣ አንቺ መንጋ አደረግሽው እኮ!» ብሎ ሱቁን በሙሉ አሳቀው። ከዚያ ወዲህ ማተሚያው አስቀድሞ እንዲጠይቀኝ አድርጌ መለስኩት።

እጄ እየቀለለው መጣ። ማታ ማታ እሳቱ ጋብ አለ። እኔ ደግሞ አንዴ ከቀመስኩ አልጠግብም። ለምን ሙሉውን አላደርገውም አልኩ። የሁሉም ማመልከቻ መግቢያው አንድ፣ መደምደሚያው አንድ አይደለም? ሁሉንም አስቀድሜ ጻፍኩና በአንድ አንድ ቁልፍ ላይ ሰቀልኩት። አንዷን ስነካት «ለሚመለከተው ክፍል» ብሎ ጀምሮ እስከ «እንደሚከተለው አመለክታለሁ» ድረስ ገጹ ላይ ዱብ ይላል። ሌላዋን ስነካ መደምደሚያው ከነፊርማው ቦታ ይወርዳል። ለእኔ የሚቀረኝ ስም፣ አድራሻና መሐል ላይ ያለች ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች። ሰለሞን አፉን ከፍቶ ቀረ። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም፤ ኢድ ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለኝም አልኩ።

እንዲህ እያለሁ ነው እማማ ጥሩነሽ የመጡት። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከላይኛው ሰፈር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጫካው እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ንቁ የሆነ ሴት። የውሃ መስመር ከሰፈራቸው በታች ሲደርስ ቆሞ ነበርና እነሱ ጋ ድረስ እንዲቀጠል ለወረዳ ሊያመለክቱ ነው።

ዱካው ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጻፊ ልጄ» ሲሉ እኔ ቁልፌን ነካሁ። ገጹ ሞላ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ማመልከቻዎ ነዋ እማማ።»

«እኔ መች ተናገርኩና?»

«አይ፣ ይኼ መግቢያው ነው። የሁሉም ሰው መግቢያ አንድ ነው።»

«የሁሉም ሰው ከሆነማ የኔ አይደለማ!» አሉ። «የሰው ደብዳቤ ላይ ስሜን ልትለጥፊልኝ ነው? እዚያ ሲያነቡት ሌባ ይሉኛል። እኔ ልናገር ነው የመጣሁት፣ አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው ሳልናገር የምትጽፊው?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። እ... ማለቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ያስቀምጣል፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ቀደም ብዬ... ባወራሁ ቁጥር ባሰ። ተነሡ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው፣ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ሌላ ጽሕፈት ቤት ሲሻገሩ በሩ ድረስ ወጥቼ አየኋቸው።

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። ወሬው ግን ታክሲ ተራው ላይ ተሰማ፦ ሐጂ ጋ አይጽፉልህም፣ የተዘጋጀ ነው የሚሰጡህ። አንዱ መጥቶ «ለኔ አዲስ ጻፊልኝ፣ የተለበሰ አልፈልግም» አለኝ። የተለበሰ! ሌላው ገና ቁልፉን ስነካ «ገንዘቤን ተቀብለሽ አንዴ ነካ?» ብሎ ተቆጣኝ። ዱካዬ ላይ የሚቀመጥ እየጠፋ፣ የሰለሞን ዱካ ላይ ሰልፍ ሆነ።

ሐጂ ጾማቸውን ካፈጠሩ በኋላ ረጋ ብለው ጠሩኝ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ለወረቀቱ ብቻ መሰለሽ?» አሉኝ። «ሰው የሚመጣው ሲጻፍለት ሊያይ ነው። እኔ ሕፃን ሆኜ አባቴ ደብዳቤ ሲያጽፍ ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ባጠቀሰ ቁጥር አባቴ አንገቱን ይሰግግ ነበር። አንቺ ያን ወሰድሽባቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ሐጂ? ሁሉንም እንደ ድሮው ፊደል በፊደል ልምታ? ይኼን እጅ አይተውታል?» ድምፄ ከፍ አለ። «ቆርጬ ልስጥዎት?»

ሐጂ ወደ ደጅ ወጡ። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ሳልሰናበት ወጣሁ። እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ተናድጄ፣ ተዋርጄ፣ ደግሞም ሐጂ እውነታቸውን መሆኑ የባሰ እያናደደኝ።

በማግሥቱ ደንበኛ ስላልነበረኝ ሥራ ፈትቼ የሰለሞንን ደንበኞች ሳይ ዋልኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ የማየው ስክሪኑን ነበር፣ ሰውን አላየሁም። ሰው ሲያጽፍ ዝም ብሎ አይንቆረቆርም። አንድ ነገር ይልና ያቆማል። ስክሪኑን ያያል። ማንበብ የማይችለው እንኳ ያያል፤ የተናገረው ነገር ወደ ፊደል ሲለወጥ ይጠብቃል። ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ቀጣዩን ይናገራል። አንዱ ሽማግሌ የሞተች ሚስታቸውን ስም ሲጽፍላቸው ለረጅም ጊዜ ቀጣዩን ሳይናገሩ ቆዩ። ሰለሞን ሰነፍ ስለሆነ ጠበቃቸው። ስንፍናው ነው ወይስ ደግነቱ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ቁጭ ብዬ የሠራሁትን አፈረስኩ። ገጽ የሚሞሉትን ቁልፎች በሙሉ ሰረዝኳቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት የሚያርመው ክፍል አለ፤ ይኼን ስጽፍ ያንን አድርገው ይባላል። እዚያ ገብቼ በምትካቸው ምህጻረ ቃላት አስገባሁ፤ ረጅሙ ቃል በሁለት ፊደል፣ ሦስት ቃል የሆነው ሐረግ በሦስት ፊደል። ማመልከቻ፣ ነዋሪ፣ ክፍለ ከተማ፣ አስተዳደር፣ በትህትና እጠይቃለሁ። ደንበኛው «ማመልከቻ» ብሎ አፉን ሳይገጥም ቃሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ግን ከአፉ በኋላ እንጂ ከአፉ በፊት አይወጣም። ተራ ንግግር ውስጥ አብረው የማይገጥሙ ሁለት ፊደሎችን መምረጥ ነበረብኝ፤ አለዚያ ሰው «ማሞ» ሲል ማመልከቻ ይወጣበታል። እሱን አስተካክዬ እስክጨርስ ሰለሞን ከጎኔ ሆኖ ደንበኛ እየመሰለ ሲያጽፈኝ ሰነበተ። አንድ ቀን ወረዳው ቆንጆ ሚስት እንዲሰጠው ያመለከተበትን እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። መግቢያውን ለመጨረሻ አቆየሁት። መጀመሪያ «ምን ልጻፍልዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ የሰውዬውን የራሱን ነገር አስቀድሜ እጽፋለሁ፣ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ወግ ኋላ ይጨመራል።

ሁሉ ተዘጋጀ፤ ግን ማን ይቀመጥልኝ? ኢድ ሊገባ ነው፣ የሐጂ የእህት ልጅ መጥታ ሱቁን አይታ ሄዳለች፤ ወንበሬን አየት አድርጋ ስትፈግግልኝ ልቤ ወደቀ። ጥሩ ልጅ ናት ደግሞ፣ ልጠላት እንኳ አልቻልኩም።

እማማ ጥሩነሽን ታክሲ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ጀሪካን ይዘዋል። ማዶ ላስጻፉት ማመልከቻ ወረዳው መልስ አልሰጣቸውም። ሮጬ ሄድኩና «እማማ፣ ይምጡና አንድ ጊዜ ይናገሩልኝ። ሳይናገሩ አንዲት ፊደል ከጻፍኩ ይሂዱ፣ አልቀየምም» አልኳቸው።

«አንቺ ያቺ ቀድመሽ የምትጽፊዋ አይደለሽም?»

«ነኝ። ትቼዋለሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ፣ ጀሪካናቸውን አሸከሙኝ በግራ እጄ፣ መጡ።

ሐጂ ከፎቶ ኮፒው ጋ ሆነው መጋረጃውን ገልጠው ቆሙ። ለማየት ነው፣ አውቄያለሁ። ሰለሞንም መጻፉን ትቶ ዞረ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ባዶ ገጽ። ለረጅም ጊዜ ባዶውን ገጽ አዩት።

«ጻፊ» አሉ። «እኔ ጥሩነሽ፣ እንጨት ተሸክሜ ከእንጦጦ ስወርድ የኖርኩ ሴት ነኝ።»

ጻፍኩ፣ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ደግሞ በስተርጅና ውሃ ተሸክሜ ወደ ላይ እወጣለሁ።»

ጻፍኩ፣ አነበብኩ። ሐጂ በዓረብኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«ቧንቧው ከሰፈራችን በታች ቆሟል። ድምፁን እንሰማዋለን። እንደ ነዋሪነቴ፣ ክፍለ ከተማው...» እያሉ ቀጠሉ፤ ረጃጅሞቹ ቃላት በሁለት በሁለት ምት ከአፋቸው ሥር ሥር ወጡ። እሳቸው ለአፍታ እንኳ አልጠበቁኝም፣ እኔም አልቀደምኳቸውም። «እባካችሁ» ሲሉ «በትህትና እጠይቃለሁ» ብዬ አስገባሁና «እማማ፣ እባካችሁ ያሉትን በመሥሪያ ቤት ወግ እንዲህ ብዬዋለሁ፣ ይስማማዎታል?» አልኳቸው።

«እባካችሁም ትኑር» አሉ። ሁለቱንም ጻፍኩ።

ስናበቃ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ አንድ ተማሪ ሳይቀር ሂሳቡን ትቶ ሰማ። እማማ ዓይናቸውን ጠረጉና «አዎ» አሉ፤ «ይኼ የኔ ነው።» አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው አሻራቸውን አሳረፉ።

እጄ አላመመኝም። ይኼን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ሲጽፉ ሕመምን መርሳት እንዲህ ደስ ይላል!

እማማ ሲነሡ በሁለት እጃቸው ቀኝ እጄን ያዙት። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አሉኝ።

ማንም ሰው ባለሙያን የሚመርቅበት ምርቃት ነው፣ እሳቸው እንደ ማንም ሰው ነው ያሉት። እኔ ግን ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር እንባዬም መጣ። «ነክቶታል እኮ እማማ» አልኳቸው። ያኔ ነው እጀታዬ ሥር ያለውን ማሰሪያ ያዩት። ጎንበስ አሉና በማሰሪያው ላይ ሳሙት፣ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወጡ።

ሐጂ መጋረጃውን ለቀቁ። ዱካውን በእግራቸው ወደ እኔ ጠረጴዛ ጠጋ አደረጉና ወደ ደጅ «ቀጣይ!» ብለው ተጣሩ። ኢድ አለፈ፣ የእህታቸው ልጅ መጣች፣ ሦስተኛ ኮምፒውተር ገባላት። ቁልፎቿን በቀይ የቀባሁላት እኔ ነኝ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ፣ ለምትገቡም፣ የተማርኩት ይኼ ነው። አቋራጭ ቁልፍ እጅን ያሳርፋል፤ ለራሳችሁ እጅ እንደሚመች አድርጋችሁ ሥሩት። ሰው ከጎናችሁ ተቀምጦ ሲናገር ግን ከአፉ አትቅደሙ።